የጥፍር ቀለም ነጥብ

አማትየዋ እንዳሉት ከሆነ ቴሌቪዥኑን የገደለችው ምራታቸው ናት። ጠዋት ሳሎኑን ስታጸዳ፣ የያዘችውን እርጥብ ጨርቅ ሳትጨምቅ፣ እየሠራ ያለውን ቴሌቪዥን ከጀርባው እንደ ጠቆረ ድስት ትፈትገው ነበር። ውኃው በቀዳዳዎቹ ገባ፤ ጧ አለ፤ እሳት ተፋ፤ መጋረጃው ተያያዘ። እሳቸው ባይደርሱ፣ መጋረጃውን በባዶ እጃቸው መንጭቀው ባይጥሉት፣ ይኸኔ ቤቱም የለ፣ እሳቸውም የሉ።

ምራትየዋ እንዳለችው ከሆነ ደግሞ በዚያ ጠዋት ቴሌቪዥኑን የነካው ሰው የለም። እሷ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ጠፍቶ የቆየው መብራት መጣ፤ ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ የተተወ ነበርና ራሱ ነቃ፤ ጥቂት እንደ ንብ እምምም ሲል ሰማችው፤ ከዚያ ጧ። ጨርቁ ከትናንት ጀምሮ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ክው ብሎ ደርቋል። ያላመነ ሄዶ ይንካው።

ሁለቱ የተስማሙበት ቃል «ጧ» ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ የሚሰማው ወጣት ጠጋኝ ነው። የጥገና ሱቁ ባለቤት የሆኑት አጎቱ «ኮሌጁ» ይሉታል። የኤሌክትሪክ ትምህርት ጨርሶ መጥቶ እሳቸው ጋ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ሱቅ ውስጥ ስለገባ ነው፤ ስሙ ግማሹ ኩራት፣ ግማሹ ሽሙጥ ነው። ኮሌጁ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ካዳመጠ በኋላ የአማትየዋን ቀኝ እጅ አየ። እስከ አንጓው ድረስ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ፋሻውን ቢጫ ነገር አርሶታል።

«እማማ፣ ይህን ሐኪም አይቶታል?»

«የእኔን እጅ ተወው። ጎረቤት አስሮልኛል። አንተ ይህን ክፈትና ውኃ ነው በል፣ በቃ።»

«ውኃ ከሆነ ውኃ ነው እላለሁ።»

«ከሆነ ይለኛል እንዴ! ዓይኔ ያየውን?»

«ስትወለውል አይተዋታል?»

«መኝታ ቤት ነበርኩ» አሉ አማትየዋ፣ ድምፃቸው ትንሽ ወርዶ። ወዲያው መልሰው ከፍ አደረጉት። «ግን የማላውቃት መሰለህ? ደግሞ ዕቃው ምንም አልነበረበትም። እዚሁ እናንተ ጋ ተሠርቶ ሰባት ወር ሙሉ እንደ አዲስ ነው የሠራው። ከመሬት ተነስቶ እሳት ይተፋል?»

ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ያመጣው ልጃቸው፣ የሴቲቱ ባል መሆኑ ነው፣ የበሩን መቃን ተደግፎ ስልኩን በአውራ ጣቱ ይገፋል። ሚስቱ ስትናገር ቀና አላለም፤ እናቱ ሲናገሩም ቀና አላለም።

«ውኃ ከተገኘበት» አሉ አማትየዋ፣ «ዛሬውኑ ወደ እናቷ ቤት። ቤቴን አቃጥላ ቤቴ አታድርም። ልጄም ተስማምቷል። አይደል?»

«እ» አለ ልጅየው ለስልኩ።

ኮሌጁ ባልየውን ተጸየፈው። ሰው ሚስቱን በአንዲት ፊደል ሲሸኝ አይቶ አያውቅም።

ሊወጡ ሲሉ ምራትየዋ ወደ ኋላ ቀረት አለች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጣቶቿ አሁንም ሽንኩርት ሽንኩርት ይላሉ።

«ወንድሜ፣ ለእኔ አዝነህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር። ያገኘኸውን ብቻ ተናገር።»

«እህቴ፣ ከሰዓት በኋላ ኑ። ያገኘሁትን ትሰሚያለሽ» አላት።

ሲናገረው ቀላል ነበር።

*

አሥራ አንድ ብሎን ፈትቶ የኋላውን ሽፋን ሲያነሳ ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ለጠጋኝ አዲስ አይደለም፤ እንደ ጠሉት ጎረቤት ነው፣ በየቀኑ ያገኙታል፣ ሰላም ብለው ያልፋሉ። ከዚህኛው ሥር ግን ሌላ ሽታ ነበር። የሰነበተ ዘይት፣ የሻገተ ካርቶን፣ ሳምንት ያልወለቀ ካልሲ። ኮሌጁ ምን እንደሆነ ገባው። ፊቱን ከማዞሩ በፊት ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው ወጡ። ሁለት ትልልቅ በረሮዎች በግራ እጁ አንጓ ላይ ተሻግረው ወደ እጅጌው ገሠገሡ።

እጁን እያራገፈ ወደ ኋላ ሲዘል በርጩማው ተገለበጠ።

ጠጋኝ ሆኖ በረሮ መጸየፍ ገበሬ ሆኖ ጭቃ እንደ መጸየፍ ነው፤ ያውቀዋል። የቴሌቪዥን የኃይል ክፍል፣ ከግድግዳው የመጣውን ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ የሚያለሰልሰው ቦርድ፣ ቀን ከሌት ለብ እንዳለ ነው። ጨለማ ነው፤ የሚደርስበት እጅ የለም። ለበረሮ ከዚህ የተሻለ ቤት ማን ሠርቶ ይሰጠዋል? ይህን ሁሉ በትምህርት ቢያውቀውም ሆዱ ግን ኮሌጅ አልገባም። ቦርዱ ላይ ኩሳቸው እንደ ተነሰነሰ ቁንዶ በርበሬ ተጋግሯል። የእንቁላል ከረጢቶቻቸው በትራንስፎርመሩ ጥግ እንደ ትንንሽ ባቄላ ተደርድረዋል፤ አንዳንዶቹ ተሰንጥቀው ባዶ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ገና ሙሉ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ካፓሲተሮች በያዘው ሙጫ ላይ የበረሮ እግር ብቻ ቀርቷል፤ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ እግር።

ወደ በሩ ሄዶ ንጹሕ አየር ሳበ፣ ጓንቱን አጠለቀ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

ቀድሞ የፈለገው ውኃን ነው። ማንን ለመርዳት አይደለም፤ የተነገረውን ሁሉ ተራ በተራ መመርመር ልማዱ ነው። ውኃ የገባበት ቦርድ ይናገራል። ጠብታው ሲደርቅ ነጭ ቀለበት ይተዋል፤ የብረቶቹ እግር አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ አቧራው እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቆ ይቀመጣል። በባትሪ እያበራ ጥግ ጥጉን አየ። አቧራው እንደ ጥጥ ነው። ከኋላ ባሉት ቀዳዳዎች ዙሪያ እንኳ የጨርቅ መንገድ የለም። ይህንን ቴሌቪዥን ከጀርባው የወለወለው ሰው ባለመኖሩ ቢከሰሱ ኖሮ አማትየዋም ምራትየዋም እኩል ይቀጡ ነበር። ውኃ ግን አይደለም።

ቀጥሎ መለኪያውን አነሳና ከኤሌክትሪኩ መግቢያ ጀምሮ ወደ ውስጥ ተከተለ። ገመዱ ደኅና ነው። ማብሪያው ደኅና ነው። ትልቁ ካፓሲተር ጋ ሲደርስ መለኪያው ሳያቋርጥ ጮኸ፤ ሾርት። ሁለት መንገዶች መገናኘት በማይገባቸው ቦታ ተገናኝተዋል። ማጉያ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ያገናኛቸው አንድ በረሮ ነው። ሁለቱ ብረቶች እጅግ በሚቀራረቡበት ቦታ እንደ ድልድይ ተጋድሞ ከሰል ሆኗል፤ የፊት እግሮቹ በአንዱ ብረት፣ የኋላዎቹ በሌላው ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል። ሆዱ ፈንድቶ ውስጡ በቦርዱ ላይ ተጠብሷል።

ምራትየዋ ልክ ናት ማለት ነው። መብራት መጣ፣ በረሮው ተንጣጣ፣ ከዚያ ጧ።

እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ግን አንድ ነገር አልገጠመለትም። ሾርት በየቀኑ ያያል፤ እሳት ግን በየቀኑ አያይም። በመካከል ፊውዝ አለ። አጎቱ ለደንበኛ ሲያስረዱ «ፊውዝ ማለት መሞት ብቻ የተማረ ዘበኛ ነው» ይላሉ። ውስጥ ነገር ሲበላሽ የመስታወቱ ቱቦ ውስጥ ያለችው ቀጭን ክር ከሁሉ ቀድማ ትቀልጣለች፤ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ቴሌቪዥኑ ድርግም ይላል፣ ቤቱ ይተርፋል። ታዲያ የዚህ ቤት ዘበኛ የት ሄዶ ነው?

የጥቀርሻውን ንብርብር በብሩሽ ጠረገ። ፊውዙ የሚቀመጥባቸው ሁለት የብረት ከንፈሮች ታዩ። በመካከላቸው የመስታወት ቱቦ የለም። ሦስት አራት የመዳብ ክር ተገምዶ ከአንዱ ከንፈር ወደ ሌላው ተጠምጥሟል። ጠቁሯል፤ አልተበጠሰም። ዙሪያው ያለው ቦርድ ነው እንደ ዳቦ ቅርፊት ያረረው።

ከሽቦው አንድ ጣት ራቅ ብሎ ቀይ ነጥብ አለ።

ኮሌጁ መነጽሩን አወለቀ።

ቀዩን ነጥብ የዚህ ሱቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የዚህ ሱቅ ሰው ማለት ደግሞ እሱና አጎቱ ብቻ ናቸው። አጎቱ የሚስታቸውን የጥፍር ቀለም ከመስታወት ፊት ሰርቀው ያመጡ ጊዜ ነው የተጀመረው፤ ጠርሙሷ እስካሁን ብሎን ማስቀመጫው አጠገብ አለች። ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ከመዘጋቱ በፊት ቦርዱ ላይ አንዲት ጠብታ ይቀባል። ትርጉሙ «አይቼዋለሁ፣ ጨርሻለሁ፣ ይዘጋ» ነው። ነጥቡን ያየ ሁለተኛው ሰው ውስጥ አያይም፤ ሽፋኑን ገጥሞ ብሎኑን ያስራል። የዘመድ ሱቅ ነውና አንዱ የአንዱን ነጥብ ዳግመኛ መመርመር እንደ መሳደብ ይቆጠራል።

አጎቱን አሰበ። «ፊውዝ ባለበት ቦታ ሽቦ ያሰረ፣ ሰዎች ተኝተው ሳሉ በራቸውን ከውጭ የቆለፈ ነው» እያሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ለስንት ደንበኛ፣ ለስንት ተፎካካሪ ጠጋኝ ይህን እየደጋገሙ፣ ራሳቸው ግን ለምሳ ሲቸኩሉ እንዲህ ጠምጥመው፣ በላዩ ላይ የሚስታቸውን ቀለም ቀብተው! በረሮው ያላደረገውን ይህ ሐሳብ አደረገው። ሮጦ ወጣና ከሱቁ ጀርባ ባለው ቦይ ላይ ጠዋት የበላውን መለሰ።

*

አጎቱ ከዕቃ መግዣ ተመልሰው የመጡት በምሳ ሰዓት ነው፤ በላብ ተጠምቀው፣ ፌስታል አንጠልጥለው።

«ምነው ኮሌጁ፣ ፊትህ ሎሚ የጠባ ሕፃን መሰለ?»

«ጋሼ፣ ይህን ይዩልኝ።»

ጎንበስ አሉ። «ፍ! እንዴት ያለ ግማት ነው! በረሮ ነው አይደል? በለው!» ከዚያ ወደ ቦርዱ ይበልጥ ቀረቡ። «ፊውዙስ?»

«ሽቦ ነው።»

«የማነው አውሬ! ይኼኔ ያ ማዶ ያለው ቀጥቃጭ ነው፣ ቴሌቪዥን እንደ ጫማ የሚሰፋው…»

ኮሌጁ ጣቱን በቀዩ ነጥብ አጠገብ አሳረፈ።

አጎቱ ግንባራቸው ላይ የሰቀሉትን መነጽር ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ ነጥቡን ሳይሆን የእህታቸውን ልጅ ነው የተመለከቱት።

«እኔ ነኝ ልትለኝ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

«አፍህ አላለም፤ ዓይንህ ግን ሰድቦኝ ጨርሷል።» ፌስታሉን አስቀመጡ። «ሽቦ ስጠኝ። ያቺን ምስማርም።»

ቁራጭ የመዳብ ሽቦ ወስደው በቀኝ እጃቸው ምስማሩ ላይ ሦስት ጊዜ ጠመጠሙና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሌላ ምስማርና ሌላ ሽቦ ገፉለት።

«አሁን አንተ ጠምጥም።»

ኮሌጁ ግራኝ ነው። መበየጃውም የሚቀመጠው በግራው ነው፤ በዚች ጠባብ ሱቅ ክርኑ ከአጎቱ ክርን ጋር በቀን አሥር ጊዜ ይጋጫል፣ አጎቱም አሥር ጊዜ «ገበያዬን ወደ ግራ ያዞርከው አንተ ነህ» ይሉታል። ሽቦውን በግራው ይዞ ጠመጠመ። ሁለቱን ምስማሮች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የአጎቱ ወደ አንድ ወገን ዞሯል፤ የእሱ ወደ ሌላው።

ቦርዱን ማየት አላስፈለገውም ነበር። ግን አየ።

የራሱ ጥምጥም ነው። ጫፉን ወደ ታች አጥፎ የመደበቅ ልማዱ እንኳ ሳይቀር።

ከዚያ ቀኑ ሙሉ በሙሉ መጣለት። ካፓሲተሮቹ ያበጡ ጥቁር ቴሌቪዥን ነበር። ቀይሯቸው ሊሞክር ሲል፣ በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ የሚገባ አዲስ ሱቁ ውስጥ አልቋል። በዚህ ሱቅ የተጠገነ ዕቃ የሚሞከረው በአምፖል በኩል ነው፤ ኤሌክትሪኩ ቀድሞ በአንድ ትልቅ አምፖል ውስጥ ያልፋል፤ ዕቃው ሾርት ካለው አምፖሉ ቦግ ይላል እንጂ ዕቃው አይቃጠልም። አምፖሉ እስካለ ድረስ ፊውዙ ቦታ ላይ ሽቦ ቢታሰር ጉዳት የለውም። አሰረ፤ ለሙከራ ብቻ። ሠራ። ዲፕሎማውን የሚወስድበት ቀን ነበርና ሲመለስ ፊውዝ ይዞ ሊመጣ አስቦ ወጣ። ነጥቡ ግን ቀድሞ ተቀብቷል። የጥፍር ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥቡን ከዘጉበት ይለጠፋል። ስለዚህ ኮሌጁ ጊዜ ለማትረፍ ነጥቡን ከሥራው መጀመሪያ ላይ ይቀባዋል፤ እስኪሞክር ድረስ ይደርቃል። ብልህነት መስሎት ነበር። ለማንም አልነገረም፤ የሚነገርም ነገር አልመሰለውም።

ዲፕሎማውን ይዞ ሲመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው። ጋሼ ፊውዝ አግኝተው አስገብተውለት ይሆናል ብሎ አሰበ። አልጠየቀም። ሰዎች እንኳን ደስ አለህ እያሉ እጁን ይጨብጡ ነበር።

መሳቢያውን ሳበ። ያን ቀን ገዝቶ ያመጣት፣ በወረቀት የተጠቀለለችው ፊውዝ ከማስቲካ ልጣጭ ሥር እንዳለች ናት። ባለፉት ሰባት ወራት ስንቴ ገፋ አድርጓት ሌላ ዕቃ ፈልጓል።

ከጠዋት ጀምሮ የተጸየፈው ሁሉ፣ በረሮው፣ ስልኩ ላይ የተደፋው ባል፣ ያለ ዓይን የመሰከሩት አማት፣ አጎቱ፣ ሁሉም ዞሮ መጥቶ እጁ ላይ አረፈ። እጁን አየው። መታጠብ ፈለገ፤ ተነሥቶ በሳሙና ታጠበ፣ በአልኮል ታጠበ፣ እንደገና በሳሙና። ሽታው አልለቀቀውም።

ሲታጠብ አጎቱ ቆመው አዩት። ቁጣ የጠበቀ ሰው ለቁጣ ይዘጋጃል፤ እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ነጥቧን አየሁ፣ ዘጋሁ። ሽቦው እዚያው አፍንጫዋ ሥር ነበር። ዓይኔን ዝቅ ባደርግ አየው ነበር። አንተ በግራህ አሰርከው፣ እኔ በቀኜ ከደንኩት። እኩል ነን።»

«እኩል አይደለንም ጋሼ።»

«እሺ፣ በጥፋቱ አንተ ትበልጣለህ። አሁን ስማኝ።» ከመደርደሪያው ጫፍ የቆርቆሮ ሣጥን አወረዱ። ባለፉት ዓመታት ከየዕቃው ያወጧቸው የተቃጠሉ ፊውዞች ናቸው፤ ለምን እንደሚያጠራቅሟቸው እሳቸውም አያውቁትም። መስታወቷ በጥቀርሻ የጨለመች አንዷን መረጡ። ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠው አወጡና ፊውዟን በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ገፏት። ጠቅ አለች። «አየህ? ዘበኛው በሥራ ላይ ሞቷል። ገዳዩ በረሮው ነው። በረሮ አልነበረም ወይ? ነበረ። ዋሸን? አልዋሸንም። ውኃ አለመሆኑንም እንናገራለን፤ ልጅቷም ትተርፋለች፣ ሱቃችንም ይተርፋል። ሃያ ሁለት ዓመት ነው ይቺን በር የከፈትኩት።»

ኮሌጁ ፊውዟን አየ። በኩስና በጥቀርሻ መካከል ልክ ቦታዋን ይዛ ተቀምጣለች። ማንም መሐንዲስ ቢመጣ አይጠረጥራትም።

«ያውጧት» አላለም። የተቆረጠውን ሽቦ ከጠረጴዛው አንሥቶ ኪሱ ከተተ። ዝም ማለቱ መስማማት እንደሆነ ያውቃል፤ ያጎቱ ፊት ዘና ሲል ባየ ጊዜ ደግሞ የበለጠ አወቀ። የምሳ ዳቦውን ቆርሶ አፉ ድረስ አደረሰና መልሶ በወረቀቱ ጠቀለለው።

*

ሦስቱ ተመልሰው ሲመጡ ምራትየዋ ሻንጣ ይዛ ነበር። ዚፑ የተበላሸ፣ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ነው።

«ጊዜ እንዳናባክን ብዬ ነው» አሉ አማትየዋ ኮሌጁ ሻንጣውን ሲያይ አይተው። «የአውቶቡሱ ጣቢያ ከዚህ ቅርብ ነው። እሺ፣ ውኃ ነው?»

«ውኃ አይደለም እትዬ» አሉ አጎቱ ፈጠን ብለው። «እንኳን ውኃ እርጥበትም የለበትም። በረሮ ነው። ገብቶ ሾርት አድርጎታል። ይኸውና ፊውዙም ተቃጥሏል፤ ከሰው እጅ አይደለም።»

አጎቱ ነገሩ በዚህ የሚያበቃ መስሏቸው ነበር። አማትየዋ ግን አንገታቸውን ዘርግተው ቦርዱን አዩ፤ ኩሱን አዩ፤ ከረጢቶቹን አዩ። የነጠላቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«በረሮ!» አሉ። ቃሉን እንደ ፀጉር ከምላሳቸው ላይ ነው ያነሱት። «በረሮ! ቤቱን የሚጠርግ ማን ነው? እኔ ነኝ? ከእሷ በፊት ቤቴ በረሮ ነበረ? ኧረ ይኼስ ከውኃው ይብሳል! ውኃ ስህተት ነው፤ በረሮ ግን ጠባይ ነው!»

ልጅየው ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኩ ቀና አለ። «በረሮ ነው?» አለና ሚስቱን ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ከላይዋ የሚሄድ ነገር የሚፈልግ ይመስል።

ምራትየዋ የሻንጣውን ገመድ አጠበቀች። ጠዋት «ያገኘኸውን ብቻ ተናገር» ያለችው ልጅ ናት፤ አሁን የተገኘው ይኼ ከሆነ፣ ይኼው ነው። ወደ ኮሌጁ አላየችም። ብታየው ይቀለው ነበር።

ኮሌጁ በዚህ ጊዜ ወደ ቦዩ አልሮጠም።

«እማማ፣ ይቅርታ፤ ገና አልጨረስንም» አለ።

«ኮሌጁ» አሉ አጎቱ በቀስታ።

በመቆንጠጫው ፊውዟን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ጣላት። «ይቺ እዚህ የገባችው ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሰባት ወር ሙሉ እዚህ ቦታ የነበረው ይኼ ነው።» ኪሱ ገብቶ መዳፉን ከፈተ። የጠቆረው ሽቦ ጥምጥሙን እንደያዘ ነው። «ፊውዝ ቢኖር ኖሮ በረሮው ቢገባም ቴሌቪዥኑ ድርግም ብሎ ይጠፋ ነበር። ጧ የለ፣ እሳት የለ፣ መጋረጃ የለ። ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለሙከራ አስሬ ረሳሁት። እጅዎን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ እማማ፤ እሷ አይደለችም።»

አማትየዋ ሽቦውን አዩ፤ ከዚያ ፋሻቸውን አዩ፤ ከዚያ እንደገና ሽቦውን።

«አንተ?»

«እኔ።»

«ይኼ ትሑት መሳይ!… በረሮውስ? በረሮውንም አንተ አስገባኸው?»

ኮሌጁ ጎንበስ ብሎ ከራሱ ጠረጴዛ ሥር ያለውን የዕቃ ካርቶን በእግሩ ገፋ አደረገ። አምስት ስድስቱ ተበትነው በየአቅጣጫው ፈረጠጡ። አማትየዋ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ በሩ በአንድ እርምጃ ደረሱ።

«የማንም ጠባይ አይደለም» አለ ኮሌጁ። «ሙቀት ነው የሚፈልጉት። ያንን ዕቃ ከዚህ ስንልክልዎ አብረው ሄደውም ይሆናል።»

«እንዲያውም!» አሉ አጎቱ ራሳቸውን ይዘው። «ጨርሰን! ሱቁንም ከነበረሮው አስረክባቸው!»

አማትየዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይቅርታ የሚባል ቃል አንደበታቸው ድረስ የመጣ ይመስል ነበር፤ ግን እዚያው ዋጡት።

«እንግዲህ…» አሉ፣ ዝናብ አባርቶ እንደሆነ ሁሉ። «ልጄ፣ ሻንጣውን ያዝላትና እንሂድ።»

ልጅየው ስልኩን ኪሱ ከቶ እጁን ዘረጋ። ሚስቱ ሻንጣውን ደረቱ ላይ አሳቀፈችው።

«ያዘው» አለችው። «ስንመጣ እኔ ነኝ የተሸከምኩት።» ከዚያ ወደ አማቷ ዞረች። «እማዬ፣ ቤት አንገባም። መጀመሪያ ሐኪም ቤት። እጅዎ ፋሻውን እያራሰ ነው።»

አማትየዋ ጤነኛውን እጃቸውን ዘርግተው ክንዷን ያዙ።

አጎቱ ሌላ ቴሌቪዥን እንደሚተኩላቸው፣ የመጋረጃውንም የሐኪሙንም ወጪ እንደሚችሉ እየተናገሩ እስከ ደጃፉ ሸኟቸው። ምራትየዋ ደረጃው ላይ ቆመች። ሽቦውን አሁንም በመዳፉ ይዞ የቆመውን ጠጋኝ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ምስጋና ፈልጎ ነበር፤ አላገኘም። በአቧራ የተሞላው ቦርድ ላይ ወዳለው ቀይ ነጥብ ጠቆመች።

«ይቺ ቀለም ምንድን ናት?»

«ጨርሻለሁ ማለት ናት» አለ ኮሌጁ። «ሳልጨርስ ነው የቀባኋት። እንድትደርቅልኝ።»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትቀባው?»

«ኧረ የለም የለም!» አሉ አጎቱ። «ይኼ አንድ ነው፤ አንድ ቀን የሆነ ነገር ነው። በሉ በሰላም ግቡ።»

እሷ ግን አጎቱን አልነበረም የጠየቀችው። ቆማ ጠበቀች። ኮሌጁ ከኋላው ያለውን መደርደሪያ አሰበ፤ ተሠርተው በዚህ በር የወጡትን ሬዲዮኖች፣ ቴሌቪዥኖች፣ ቻርጀሮች፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ቀድሞ የተቀባ ነጥብ። ሽቦ የታሰረባቸው ሌሎች ቢኖሩ፣ በነጥቡ ታምኖ የተዘጋውን ማን ያውቃል? የጥፍር ቀለሙን ጠርሙስ ከብሎኖቹ መካከል አነሳ። አንገቱ ላይ የደረቀው ቀለም ከጣቱ ጋር ተጣበቀ፤ ተጸየፈው፣ ግን አልጣለውም።

«ጋሼ» አለ፣ እየተመለከተ ያለው ግን እሷን ነበር፤ «ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ዕቃ አልቀበልም። ቀይ ነጥብ ያለበትን ሁሉ በየቤቱ እየዞርኩ እከፍታለሁ። ለምን እንደምከፍተውም ለእያንዳንዱ ሰው እነግራለሁ።»